ከዶዮገና እስከ ቦሌ በር

ከሆሳዕና ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚጓዝ መንገደኛ የሀዲያን ምድር እየተሰናበተ ወደ ከምባታ ደጋ ሲዘልቅ ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በእንሰት ላይ ነው። እንሰቱ ቤቱን ዙሪያውን ከቦ፥ ሰፊ ቅጠሉን እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ፥ ከሩቅ ለሚያየው ጎጆውን ሊደብቅ የተማከረ ይመስላል። ሆሳዕና ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረች፥ ኋላ ግን ስሟን ከጌታ በዓል የወሰደች ከተማ ስትሆን፥ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። ዶዮገና ግን ከእርሷ በስተደቡብ በደጋው ላይ የተቀመጠች፥ ጭጋግ ጠዋት ጠዋት የሚጎበኛት፥ አነስ ያለች የከምባታ ከተማ ናት።

የዶዮገና ሕዝብ ትጉህ ገበሬ መሆኑን ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አያሻም፤ ተራራው ራሱ ይናገራልና። ቁልቁለቱ ሁሉ በእርከን ተሸንሽኖ፥ በእርከኑም ዳር አፈሩን የሚይዝ ደሾ የሚባለው ሣር ተተክሎበታል። ድንቹ፥ ገብሱና ስንዴው ይበቅላል። የዶዮገና በግ ደግሞ በዓል ሲቀርብ ከሩቅ አገር ነጋዴ ይፈለጋል። መሬቱ ግን ጠባብ፥ ሕዝቡም ብዙ ነው፤ አባት ለልጆቹ ሁሉ የሚያካፍለው እርሻ ስለሌለው ልጁ ዓይኑን ወደ ሩቅ አገር ያቀናል። ስለዚህ ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ፥ ብዙ እኅቶችም ወደ ዐረብ አገሮች ሄደዋል። በእንሰቱ መካከል ብቅ ያለውን አዲስ ባለ ቆርቆሮ ቤት የሠራው ገንዘብ በብዙ ስፍራ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። እንግዲህ ዶዮገና አይሮፕላን ሲያርፍባት የማትታይ አገር ብትሆንም፥ ስለ አይሮፕላን ጉዞ የማይወራበት ቤት ግን በውስጧ ጥቂት ነው።

በእንግድነት በተቀመጥንበት በአንድ ቤት ሁለተኛው ልጅ ለጉዞ ይሰናዳ ነበርና እናቲቱ ሻንጣውን ስትሞላ አየን። ቆሎው፥ በሶው፥ ቡናው፥ በጥንቃቄ የተጠቀለለው ቅቤና በትንሽ ጠርሙስ የተቀዳው ጠበል ተራ በተራ ገቡ። ከዚያም እናቲቱ ወደ እኛ ዘወር ብላ «ልጆቼ፥ እናንተ አገር ያያችሁ ናችሁና አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ታላቁ ልጄ በሄደ ጊዜ ጫማውን አስወለቁት፥ መታጠቂያውን አስፈቱት፤ በመሸጋገሪያው አገር ደግሞ ጠበሉን ከእጁ ወስደው ጣሉበት። ይህ ሁሉ ፍተሻ በእውነት ልጄን ይጠብቅልኛልን? ወይስ ሰውን ለማዋረድ ብቻ የተሠራ ነው?» አለችን። ጥያቄዋ የአንዲት እናት ብቻ አይደለም። ልጁን ቦሌ ድረስ ሸኝቶ፥ ከመስታወቱ ወዲያ ሲፈተሽ እያየ ከመስታወቱ ወዲህ የቆመ ወላጅ ሁሉ በልቡ የሚያወጣውና የሚያወርደው ነው። ስለዚህ መልሱን በአጭር ቃል ከመናገር ይልቅ፥ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን ለአንባብያን ማስረዳት ይገባናል ብለን አሰብን።

አስቀድመን ከዚያው ከዶዮገና ግቢ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ገበሬው ቤቱን በአጥር ያጥራል፤ አጥሩም የጅቡን መንገድ ይዘጋል፥ ከብቱም ወደ ሰው ማሳ እንዳይገባ ይከለክላል። ይሁን እንጂ አጥር ከምድጃው የሚነሣውን እሳት አያግድም፤ ልጁ ከአጥሩ ውጭ በሌሊት ሲሄድም አብሮት አይሄድም። ታዲያ እሳቱን ስላላገደ አጥሩን የሚያፈርስ ሞኝ ነው፤ አጥር አለኝ ብሎ እሳቱን ሳይዳፍን የሚተኛም ከዚያ የባሰ ሞኝ ነው። የአይሮፕላን ጣቢያ ፍተሻም እንደዚሁ ነው፤ ምን እንደሚያግድና ምን እንደማያግድ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፥ በመጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ባደረገ ጊዜ፥ የመንገደኛን ኪስ መፈተሽ የሚባል ነገር በዓለም ላይ የተለመደ አልነበረም። አይሮፕላን ተሳፋሪ እንደ ክቡር እንግዳ ይቆጠር ነበርና። ይህ እምነት የፈረሰው በ1960ዎቹ ነው። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በፍራንክፈርት ጣቢያ ቆሞ በነበረ የኢትዮጵያ አይሮፕላን ውስጥ ቦምብ ፈነዳ፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ሌላው በካራቺ ጣቢያ እንደ ቆመ ጥቃት ደረሰበት። ከዚህ በኋላ መሣሪያ የያዙ ጠባቂዎች በበረራ ላይ ከተሳፋሪ ጋር ይቀመጡ ጀመር። ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ዋለልኝ መኰንንና ማርታ መብራህቱ የሚገኙባቸው ሰባት ወጣቶች ከአዲስ አበባ የተነሣውን አይሮፕላን በአየር ላይ ሊጠልፉ በተነሡ ጊዜ ጠባቂዎቹ ተኩስ ከፈቱ፤ የእጅ ቦምብም ፈነዳ። አይሮፕላኑ ተጎድቶ ሳለ አብራሪዎቹ በሰላም መልሰው ቦሌ አሳረፉት። ከሰባቱ ወጣቶች ስድስቱ ሞቱ። የአገር ልጅ በአገሩ ልጅ እጅ የወደቀበትን ያን ቀን ማንም በደስታ አያስታውሰውም። ለጉዳያችን ግን አንድ ነገር ያስተምረናል፤ ይኸውም መሣሪያው አንድ ጊዜ ከደጅ አልፎ ከገባ በኋላ በሰማይ ላይ የሚደረግ ጥበቃ ሁሉ የእሳት ዳር ጨዋታ መሆኑን ነው።

በእነዚያ ዓመታት ጠለፋ የዓለም ሁሉ መቅሠፍት ነበር። በአሜሪካ ብቻ ከ1960 እስከ 1965 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ከመቶ በላይ የጠለፋ ሙከራ ተደርጓል። የአሜሪካ መንግሥት በታኅሣሥ 1965 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ማንኛውም ተሳፋሪ ሰውነቱና የእጁ ዕቃ ሳይፈተሽ እንዳይሳፈር አዘዘ። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅትም በመጋቢት 1966 ዓ.ም. ስለ ጸጥታ ጥበቃ የሚናገረውን አሥራ ሰባተኛውን አባሪ አጸደቀ፤ አባል አገሮች ሁሉ፥ አገራችንም ጭምር፥ ፍተሻቸውን የሚያደራጁት በዚህ መሠረት ነው። ከዚያ ወዲህ ጠለፋ ፈጽሞ ባይጠፋም እጅግ ቀንሷል። ስለዚህ ብረት የሚለየው ደጃፍና የሻንጣው መመልከቻ መሣሪያ ሥራ አልሠሩም የሚል ሰው ታሪኩን አላነበበም ማለት ነው። ጅቡ በአጥሩ ላይ ሲዘል አለመታየቱ አጥሩ ከንቱ ስለ ሆነ ሳይሆን አጥሩ ስለ ቆመ ነው።

ከፍተሻ ሁሉ ይልቅ ርካሹና ብዙ ጊዜ የሚናቀው ጥያቄ ነው። «ሻንጣህን ያሰናዳኸው ራስህ ነህን? አድርስልኝ ብሎ ዕቃ የሰጠህ ሰው አለን?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ሰው እንደ ቀልድ ይመልሳል። ነገር ግን በሚያዝያ 1978 ዓ.ም. በለንደን ሂትሮው ጣቢያ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ወደ እስራኤል ልትበር ቀርባ ሳለ የአየር መንገዱ ጠባቂዎች ይህን የመሰለ ጥያቄ ጠየቋት። መልሷ ስላላረካቸው ቦርሳዋን አገላብጠው ሲመረምሩት ከሐሰተኛ ወለል በታች ፈንጂ ተገኘ። ያስቀመጠው ያገባኛል ብላ የምትጠብቀው እጮኛዋ ነበር፤ እርሷ ግን ምንም የምታውቀው አልነበረም። ቦርሳው በመሣሪያው ፊት ያለ አንዳች ጥርጣሬ ያለፈ ነበር፤ በዚያ ቀን ብዙ መቶ ነፍስ ያተረፈው አስተዋይ ጠባቂ እንጂ መሣሪያ አልነበረም። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1981 ዓ.ም. ባለቤቱ ባልተሳፈረበት ሻንጣ ውስጥ፥ በቴፕ ማጫወቻ ተሸሽጎ የገባ ቦምብ በስኮትላንድ ሎከርቢ በምትባል ከተማ ላይ አንድ የአሜሪካ አይሮፕላን አፈነዳ፤ በአየርና በምድር 270 ሰዎች አለቁ። ተሳፋሪ ከቀረ ሻንጣው ከአይሮፕላኑ ይውረድ የሚለው ደንብ በየአገሩ የጠበቀው ከዚህ በኋላ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው በመዘግየቱ ሻንጣው እስኪወርድ ስንጠብቅ የምናጉረመርም ሁሉ፥ ያች ግማሽ ሰዓት በስንት ሰው ደም የተገዛች እንደ ሆነች እናስብ።

እስካሁን አጥሩ የሚያግደውን ተናገርን፤ አሁን ደግሞ የማያግደውን እንናገር። ለዚህ ከእኛው ታሪክ የበለጠ ምስክር የለም። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው ቦይንግ 767 አይሮፕላን 175 ሰዎች ይዞ ነበር። ጥቂት እንደ በረረ ሦስት ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ወደ አብራሪዎቹ ክፍል ጥሰው ገቡና ወደ አውስትራሊያ ውሰዱን አሉ። በእጃቸው የያዙት መሣሪያ ከቤታቸው ያመጡት አልነበረም፤ ለአደጋ ጊዜ በአይሮፕላኑ ውስጥ የተቀመጠውን መጥረቢያና የእሳት ማጥፊያውን ነበር ያነሡት። ቦምብ ነው ያሉትም ኋላ እንደ ታወቀው የተሸፈነ የመጠጥ ጠርሙስ ነበር። ዋና አብራሪው ሻምበል ልዑል አባተ ነዳጁ አውስትራሊያ እንደማያደርስ ቢያስረዳቸውም አልሰሙትም፤ አይሮፕላኑ ይህን ያህል ሰዓት ይበራል የሚል ጽሑፍ በተሳፋሪዎች መጽሔት ላይ አይተው ነበርና። ልዑል ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ ተጠልፎ ያመለጠ ሰው ነበር። ከአፍሪካ ጠረፍ ርቆ ወደ ሰፊው ውቅያኖስ ሳይወጣ ወደ ኮሞሮስ ደሴቶች ደረሰ፤ ነዳጁ አልቆ ሁለቱም ሞተሮች ጸጥ ባሉ ጊዜም ሊረዱ የሚችሉ ሰዎች ባሉበት ባሕር ዳር አጠገብ አይሮፕላኑን በውኃ ላይ አሳረፈው። ጠላፊዎቹን ጨምሮ 125 ሰዎች ሞቱ፤ 50 ሰዎች ተረፉ።

በዚያ ቀን የቦሌ ፈታሽ የሁሉን ኪስ በሚገባ ፈትሾ ቢሆን እንኳ መጥረቢያውን ባላገኘው ነበር፤ እሳቱ ከምድጃው የተነሣ ነበርና። ከዚህም የሚያሳዝን አንድ ነገር አለ። ከሞቱት ብዙዎቹ የመዋኛ ሰደርያቸውን ገና በአይሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ ስለ ነፉት፥ ውኃው በገባ ጊዜ ሰደርያው ወደ ጣሪያው አነሣቸውና በሩን ሊያገኙ አልቻሉም። የበረራ አስተናጋጇ ከመነሣት በፊት ቆማ የምታሳየው፥ እኛ ግን መስኮት እያየን የማንሰማው ትእዛዝ «ከበሩ ሳትወጡ አትንፉ» የሚለው ነው። ጫማ ማውለቁን የምናስታውሰውን ያህል ይህን ብናስታውስ መልካም ነበር። ስለዚህ ወደ ሩቅ አገር ልጁን የሚልክ ሁሉ ይህን አንድ ቃል ከምርቃቱ ጋር ይንገረው።

በኢትዮጵያ አዲስ ዓመት ዕለት፥ መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. በአሜሪካ አራት አይሮፕላኖች ተጠልፈው ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጋ ሰው ካለቀ በኋላ ዓለም ሌላ አጥር አጠረ። ጠላፊዎቹ የያዙት ትንንሽ ስለት ነበር፤ በጊዜው በነበረው የአሜሪካ ደንብ ከአሥር ሴንቲ ሜትር ያነሰ ስለት አይከለከልም ነበር። በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት የአብራሪዎች ክፍል በር ጥይት እንዳይበሳው፥ ሰውም እንዳይሰብረው ሆኖ ከውስጥ እንዲቆለፍ ታዘዘ። ደንቡ በእውነት ጥሩ ነው፤ በ1989 ዓ.ም. እንዲህ ያለ በር ቢኖር ኖሮ ሦስቱ ወጣቶች ባልገቡ ነበር። ነገር ግን የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ሮም ይበር በነበረው የኢትዮጵያ አይሮፕላን ላይ ዋናው አብራሪ ወደ መጸዳጃ በወጣ ጊዜ ረዳቱ በሩን ከውስጥ ቆልፎ ወደ ጄኔቫ ወሰደው። 202 ሰዎች በእግዚአብሔር ቸርነት አንድ ጭረት ሳይነካቸው ወረዱ። ከአንድ ዓመት በኋላ፥ መጋቢት 15 ቀን 2007 ዓ.ም. ከባርሴሎና የተነሣ የጀርመን አይሮፕላን ረዳት አብራሪ ያንኑ በር በዋናው አብራሪ ላይ ዘግቶ አይሮፕላኑን በፈረንሳይ ተራሮች ላይ አላተመው፤ 150 ሰዎች ሞቱ። ሌባ እንዳይገባ የተሠራው መዝጊያ የቤቱ ሰው ሲታመም አዳኙን ከውጭ አስቀረው። ከዚያ ወዲህ ብዙ አየር መንገዶች በክፍሉ ሁልጊዜ ሁለት ሰው ይኑር ብለው ደነገጉ፤ ኋላ ግን አንዳንዶቹ ተዉት። እንግዲህ ብረቱ የሰውን ልብ ሊፈትሽ አይችልም። ለአብራሪውም ለጠባቂውም ዕረፍትን፥ ሕክምናንና የሚያዳምጥ ወዳጅን መስጠት ከጸጥታ ጥበቃ ተለይቶ የሚታይ አይደለም።

ከደንቦቹ መካከል ትላንት ለተደረገው አደጋ ዛሬ የተሰጡ መልሶችም አሉ። በታኅሣሥ 1994 ዓ.ም. አንድ ሰው በጫማው ፈንጂ ይዞ ስለ ተሳፈረ የመንገደኛ ሁሉ ጫማ ይወልቅ ጀመር፤ ያን ሰው በዕለቱ የያዙት ግን የበረራ አስተናጋጆችና ተሳፋሪዎች ነበሩ። አሜሪካም ይህን ልማድ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ለአብዛኛው መንገደኛ አንሥታዋለች። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በመጠጥ ጠርሙስ ፈንጂ አስመስለው ሊያስገቡ የመከሩ ሰዎች ከተያዙ በኋላ ደግሞ በእጅ የሚያዝ ፈሳሽ ነገር በየዕቃው ከ100 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ሴራውን ያገኙት ፖሊሶች ናቸው፤ ከጣቢያው ርቀው፥ ብዙ ቀን ተከታትለው አገኙት። በ2007 ዓ.ም. እንደ ተነገረውም በአሜሪካ ጣቢያዎች መርማሪዎች መንገደኛ መስለው የተከለከለ ዕቃ 70 ጊዜ ለማሳለፍ ቢሞክሩ 67 ጊዜ አልፏል፤ የመሥሪያ ቤቱም ኃላፊ ከቦታው ተነሣ። ይህን ስንሰማ ፍተሻው ሁሉን ያያል የሚለው እምነታችን ሊቀንስ ይገባዋል። ሆኖም ፍተሻው ክፉ አድራጊውን እንዲፈራና እንዲጠራጠር ማድረጉ ራሱ አንድ ጥቅም ነው፤ ጉበኛ ያለበትን ቤት ሌባ እንደማይመርጠው ማለት ነው።

ስለ ጠበሉ የተጠየቅነውንም እዚህ ላይ እንመልስ። ፈታሹ ጠበል መሆኑን ንቆ አይደለም፤ መሣሪያው ውኃና ጠበል አይለይም፥ ደንቡም ከወተትና ከሽቱ ለይቶ አያየውም። ስለዚህ ጠበልም ሆነ የቀለጠ ቅቤ፥ ማርም ሆነ ዘይት ክዳኑ በሚገባ ታሽጎ በሚጫነው ሻንጣ ይግባ፤ በእጅ መያዝ የግድ ካስፈለገ ግን በትንሿ ጠርሙስ ይሁን። በጉዞ መካከል አይሮፕላን የሚለውጥ ሰው በሁለተኛው ጣቢያ እንደ ገና እንደሚፈተሽ አይርሳ። በአንገት ያለ የብረት መስቀል መሣሪያውን ቢያስጮህ ተሳፋሪው ሳይቈጣ በትሕትና ያሳይ፤ መስቀል በመታየቱ አይዋረድምና። አዲስ መመርመሪያ ያስገቡ አንዳንድ የአውሮፓ ጣቢያዎች የፈሳሹን ገደብ ማላላት ጀምረዋል፤ ሁሉም ግን ስላልተስማሙ ጥብቁን ደንብ መከተል ይሻላል።

ከፍተሻ ጋር ምንም የማይገናኝ አደጋም አለ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሣው ቦይንግ 737 ማክስ አይሮፕላን ስድስት ደቂቃ ያህል ብቻ በሮ በቢሾፍቱ አቅራቢያ በወደቀ ጊዜ 157 ነፍሳት አለፉ። ከመካከላቸው አንድም ጠላፊ አልነበረም፤ አይሮፕላኑን ወደ ታች የደፈቀው በተሳሳተ መለኪያ የተመራ የራሱ መቆጣጠሪያ ሥርዓት ነበር። ከአምስት ወር በፊት በኢንዶኔዥያ ተመሳሳይ አይሮፕላን በተመሳሳይ ምክንያት ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። በቦሌ በር የተሰለፈው መንገደኛ ጫማውን ሲያወልቅ ሊጠነቀቁለት ይገባ የነበሩት ሰዎች በሩቅ አገር በንድፍ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡት ነበሩ። ጥበቃ ማለት በር ላይ የሚቆመው ዘብ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም።

አሁን ወደ ዶዮገናና ወደ ጎረቤቶቿ እንመለስ፤ የነገሩ ክብደት ያለው በእነርሱ ዘንድ ነውና። ከዚህ አገር የሚሄደው ልጅ ሁሉ በቦሌ በር አያልፍም። ፓስፖርትና ቪዛ ያላገኘው ወይም ደላላ ያታለለው በሞያሌ ወደ ኬንያ፥ ከዚያ ወደ ታንዛንያ፥ ወደ ማላዊና ወደ ሞዛምቢክ በጭነት መኪና ይወሰዳል። በዚያ መንገድ ጫማ የሚያስወልቅ፥ ሻንጣ የሚከፍት፥ ጠበል የሚወስድ የለም። የመዋኛ ሰደርያ የምታሳይ፥ የሰውን ቁጥር በወረቀት የሚመዘግብም የለም። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ በቴቴ አውራጃ ፖሊሶች አንድ ኮንቴይነር የጫነ መኪና አስቁመው ቢከፍቱት 78 ሰዎች ተገኙበት፤ 64ቱ ታፍነው ሞተዋል፥ 14ቱ ብቻ በሕይወት ነበሩ። ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ትንፋሽ አጥተው ሲጮኹ የሰማቸው ቢኖር እንኳ ያልከፈተላቸው፥ ተቆጥረው ስላልተሳፈሩና እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ዕቃ ስለ ተጫኑ ነው። ይህን ካሰብን በኋላ በቦሌ ደጃፍ የሚደረገው ፍተሻ በሌላ ዓይን ይታየናል። ስምህ ማን ነው፥ ወዴት ትሄዳለህ፥ ወረቀትህን አሳይ ተብሎ የተጠየቀ ሰው ቢጠፋ የሚፈለግ፥ ቢሞት የሚለቀስለት ሰው ነው። ፍተሻው የሚያስቈጣን ሰው መሆናችንን የዘነጋ ሲመስለን ነው፤ ነገር ግን በዚያ ዝርዝር ላይ ስማችን የተጻፈው ሰው በመሆናችን ነው።

ለዚያች እናት የመለስነውም ይህንኑ ነበር፤ «እናታችን፥ ፍተሻው ከአንዳንድ ክፉ ነገር ይጠብቀዋል፥ ከሁሉ ግን አይጠብቀውም፤ ትልቁ ፍተሻ የሚደረገው እዚህ በእርስዎ ቤት ነው» አልናት። ስለዚህም አንዳንዶች ይህን ሁሉ ጥንቃቄ የእምነት ጉድለት አድርገው ያዩታል፤ ጠባቂው እግዚአብሔር ነውና ፍተሻ ምን ያደርጋል ይላሉ። ቅዱስ ዳዊት ስለ ከተማ ጠባቂ የተናገረውን አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዳዊት ግን ጠባቂው ወደ ቤቱ ሄዶ ይተኛ አላለም። በሕገ ኦሪት አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም ከላይ ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ለሰገነቱ መከታ እንዲያበጅ ታዟል። ነህምያም የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲሠራ ጸሎትም አደረገ፥ ሌሊትና ቀንም ጠባቂ አቆመ። እንግዲህ ደንብን መጠበቅ ሌላውን ሰው መውደድ ነው፤ ደንብን ብቻ ማምለክ ደግሞ ቅጥሩን ከቅጥሩ ጌታ አስበልጦ ማየት ነው። ክርስቲያን ሁለቱንም ጠንቅቆ ይሄዳል።

ስለዚህ ለየቤተ ሰቡ የምንመክረው የሚከተለው ነው። ደላላው ወደ ቤት በመጣ ጊዜ፥ በቦሌ በር የሚቆመው ጠባቂ የሚጠይቀውን ያህል ወላጅ ይጠይቀው። ስምህ ማን ነው? ፈቃድህን አሳይ። ልጄን በየትኛው መንገድ፥ በየትኛው ቀን፥ በማን ስም በተሰጠ ቪዛ ትወስደዋለህ? ልጄ በመንገድ ቢታመም ለማን ትነግራለህ? ይህን ጥያቄ የሚሸሽ፥ ወይም አትጨነቁ ብቻ ብሎ የሚያልፍ ሰው ከአጥሩ እንዳይገባ ይከልከል፤ በበጉ ሽያጭና በመሬቱ መያዣ የተሰበሰበው ገንዘብም በእጁ አይግባ። በሕግ የሚሄደውም ቢሆን የፓስፖርቱን፥ የውሉንና የቲኬቱን ቅጂ ለወላጁ ትቶ ይሂድ። የማያውቀውን ሰው ዕቃ፥ ዘመድ ነኝ ባዩም ቢሆን፥ ከፍቶ ሳያይ በሻንጣው አያስገባ። በአይሮፕላን ሲቀመጥ ወደ እርሱ የሚቀርበውን የአደጋ በር ስንት ወንበር ርቆ እንዳለ ይቁጠር፤ አስተናጋጇ የምትናገረውንም ይስማ።

እንሰት ተተክሎ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይጠበቃል፤ ሌሊቱን ከአውሬ፥ ቀኑን ከከብት ሲጠበቅ ኖሮ በመጨረሻ ቤቱን የሚመግብ እርሱ ነው። ልጅም ለማሳደግ ሃያ ዓመት የተጠበቀ ተክል ነው። ይህን ያህል ዘመን የተጠበቀውን ለአንድ ቀን ችኮላ አሳልፎ መስጠት አይገባም። በአይሮፕላን ጣቢያው በር የሚቆመው ጠባቂ የድርሻውን ይሥራ፤ እኛም በትዕግሥት እንታዘዘው። የቀረውን ድርሻ ግን ሌላ ማንም አይሠራልንምና በየቤታችን በር እንቁም።